ከመጋረጃ በስተጀርባ የሚገኝ እንጀራ
የጂን ሮዘንታል የሥራ ታሪክና ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ቴያትር ወይም የሙዚቃ ዝግጅት ለማየት አዳራሽ የገባ ሰው የሚያየው መድረክ ላይ የቆመውን ነው። የዘፋኙን ስም ያውቃል፣ ስለ ተዋናዩ ከጎረቤቱ ጋር ይከራከራል። የዘፋኙ ፊት እንዲታይ ፓውዛውን ያነጣጠረው፣ ድምፁ እስከ መጨረሻው ወንበር እንዲደርስ ሽቦውን የዘረጋው፣ መጋረጃው በሰዓቱ እንዲከፈት ምልክት የሰጠው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዝግጅቱ ካማረ ጭብጨባው ለተዋናዩ ነው። መብራት የጠፋ እንደሆነ ግን አዳራሹ በሙሉ አንገቱን አዙሮ ወደ ኋላ ይመለከታል።

አንድ ወጣት ባግሩቱን ጨርሶ ወይም ከሠራዊት ተመልሶ «እኔ የምሠራው በመድረክ መብራት ነው» ያለ እንደሆነ በየቤታችን የሚሰማው መልስ ይታወቃል። «ልጄ፣ ሽቦ መጎተት ደግሞ መቼ ሙያ ሆነ? እንደ ሰው ልጅ ተማር እንጂ!» ይባላል። ወላጆች ይህን የሚሉት ክፉ አስበው አይደለም። ይህ ሁሉ ድካም የታለፈው ልጆቻችን ስም ያለው ሙያ እንዲይዙ ነው። ስሙ የማይታወቅ ሥራ ያስፈራል። ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነውና ተገቢ መልስ ያስፈልገዋል፦ ከመጋረጃ በስተጀርባ ያለው ሥራ እንዴት ሙያ ሆነ? ማንስ ሙያ አደረገው?

መልሱን ለማግኘት የአንዲት ሴት ታሪክ ይበቃናል። ስሟ ጂን ሮዘንታል ይባላል። ከሩማንያ ወደ አሜሪካ ከተሰደዱ አይሁዳውያን ወላጆች በ1912 ኒው ዮርክ ውስጥ ተወለደች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወደ እርሷ ከመድረሳችን በፊት ግን መብራቱ ራሱ ከየት እንደመጣ ጥቂት እንበል።

ከሻማ እስከ ኤሌክትሪክ

በአውሮፓ ከተሞች የቤት ውስጥ ቴያትር ለብዙ ዘመን የሚሠራው በሻማና በዘይት ኩራዝ ነበር። ለዚህም ሻማውን የሚለኩስና ክሩን የሚቆርጥ ሠራተኛ ተቀጥሮ ነበር። በ1817 በለንደን ትልልቅ ቴያትር ቤቶች የጋዝ መብራት ገባ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ኖራ በኃይለኛ ነበልባል ተግሎ ነጭ ብርሃን የሚሰጥበት ዘዴ ተገኘ። የኖራው መብራት የራሱ ጠባቂ ያስፈልገው ስለነበረ፣ አንድ ሰው ከላይ ተቀምጦ ኖራውን እያዞረ ተዋናዩን በብርሃን ይከተለው ነበር። ዛሬ ዘፋኝን በፓውዛ የሚከተለው ሠራተኛ የዚያ ሰው ልጅ ነው ብንል ስሕተት የለውም።

እሳትና ጨርቅ፣ እንጨትና ገመድ አንድ ቤት ሲያድሩ ግን ውጤቱ የታወቀ ነው። በታኅሣሥ 1881 በቪየና ከተማ የሪንግ ቴያትር ተቃጥሎ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። በዚያው ዓመት በለንደን የሳቮይ ቴያትር በኤሌክትሪክ አምፖሎች አብርቶ ተከፈተ። ኤሌክትሪክም ቢሆን ብቻውን መድኃኒት አልሆነም። በታኅሣሥ 30 ቀን 1903 በቺካጎ ከተማ፣ ከተከፈተ ገና አንድ ወር ገደማ በሆነውና «እሳት አይበላውም» እየተባለ በማስታወቂያ በተወደሰው በኢሮኳ ቴያትር፣ ከአንድ የመድረክ መብራት የተነሣ ብልጭታ መጋረጃ አቀጣጠለ። እሳት እንዲያግድ የተሠራው መጋረጃም ሲወርድ መንገድ ላይ ተያዘ። ወደ 600 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ይህን የምንጽፈው አንባቢን ለማስደንገጥ አይደለም። ከመጋረጃ በስተጀርባ የሚሠራ ሰው በእጁ የሰው ሕይወት እንደያዘ ለማስታወስ ነው። ከሰው ራስ በላይ የተሰቀለው ብረት፣ ወለል ላይ የተዘረጋው ሽቦ፣ ያልተዘጋው የመውጫ በር ሁሉ የእርሱ ኃላፊነት ነው። «ሽቦ መጎተት» የምንለው ሥራ ይህ ነው።

ስም ያልነበረው ሥራ

እስከ 1930ዎቹ ድረስ በአሜሪካ ቴያትር «የመብራት ንድፍ ባለሙያ» የሚባል ራሱን የቻለ ማዕረግ አልነበረም ማለት ይቻላል። መብራቱን አንዳንዴ ዴኮሩን የሠራው ሠዓሊ ያዝዛል፣ አንዳንዴ አዘጋጁ ያዝዛል፣ የቀረውን የቤቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንደመሰለው ይሠራዋል። ሥራው ነበር፤ ሙያው ግን አልነበረም።

ጂን ሮዘንታል ወላጆቿ ሁለቱም ሐኪሞች ነበሩ። እርሷ ግን ሐኪም አልሆነችም። በ1929 ገደማ ኒው ዮርክ ውስጥ ኔበርሁድ ፕሌይሃውስ በሚባል የቴያትር ትምህርት ቤት ገባች። ተዋናይም ዳንሰኛም ለመሆን አላደላትም። እዚያ ግን ማርታ ግራሃም የተባለችውን፣ በኋላ በዓለም ስሟ የገነነውን የዳንስ መምህርት አገኘችና በቴክኒክ ሥራ ታግዛት ጀመር። ይህ የሁለቱ ሴቶች የሥራ ጓደኝነት ወደ 40 ዓመት ገደማ ዘልቋል።

ቀጥላ በዬል ዩኒቨርሲቲ ስታንሊ ማክካንድለስ ከሚባል መምህር ዘንድ ተማረች። ይህ ሰው በ1932 ስለ መድረክ መብራት አሠራር መጽሐፍ አሳትሟል። ዘዴው ቀላል ነው። መድረኩ በየቦታው ይከፋፈላል። ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት መብራት ይመደባል፤ አንዱ ከቀኝ አንዱ ከግራ፣ ሁለቱም ከላይ ወደ ታች በ45 ዲግሪ ያዘነበሉ ይሆናሉ። አንደኛው ሞቅ ያለ ቀለም፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ ቀለም ይሰጠዋል። ያን ጊዜ የተዋናዩ ፊት ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቀን ብርሃን ቅርጽ ይይዛል። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ በየትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ትምህርት ሆኖ ይሰጣል።

ፒያኖ የጫነው መኪና

ትምህርቷን ስትጨርስ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ውስጥ ነበረች። ቴያትር ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሥራ የለም። በ1935 መንግሥት ሥራ ላጡ የቴያትር ሰዎች የፌዴራል ቴያትር ፕሮጀክት የሚባል ድርጅት አቋቋመ። በዚህ ድርጅት ከተዋናይ እስከ አናጢ ከ10,000 በላይ ሰዎች ደመወዝ አግኝተዋል። ጂን ሮዘንታልም ገባች፤ ብዙም ሳይቆይ ከጆን ሃውስማንና ገና የ20 ዓመት ወጣት ከነበረው ከኦርሰን ዌልስ ጋር መሥራት ጀመረች።

በሰኔ 1937 ማርክ ብሊትዝስታይን የደረሰው፣ ስለ ብረት ሠራተኞች ማኅበር የሚናገር የሙዚቃ ተውኔት ለመክፈት ሲዘጋጁ መንግሥት አዳዲስ ዝግጅቶች እንዳይከፈቱ አገደ። ቴያትር ቤቱ ተዘጋ፣ ዘበኛ ቆመበት፤ ዴኮሩም አልባሳቱም ከውስጥ ቀረ። ሕዝቡ ቲኬቱን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። አዘጋጆቹ ሌላ አዳራሽ ፍለጋ ስልክ ሲደውሉ ዋሉ። ጂን ሮዘንታል የተሰጣት ትእዛዝ ፒያኖ ማግኘት ነበር። ፒያኖ አገኘች፣ የጭነት መኪናም አገኘች። የሚራገፍበት ቦታ ግን ገና ስላልተገኘ፣ ፒያኖው እንደተጫነ መኪናው በኒው ዮርክ ጎዳናዎች ሲዞር ቆየ። በመጨረሻ አዳራሽ ተገኘና ተዋናዮቹም ተመልካቹም 21 መንገድ ወደ ላይ በእግር ተጉዘው ሄዱ። ማኅበራቸው በመድረክ ላይ እንዳይጫወቱ ከልክሏቸው ስለነበረ፣ ደራሲው ብቻውን መድረክ ላይ ፒያኖ ሲመታ ተዋናዮቹ ከተመልካቹ መካከል ከየወንበራቸው እየተነሡ ዘፈኑ።

ይህ ቀን በአሜሪካ የቴያትር ታሪክ ትልቅ ቀን ሆኖ ተጽፏል። የሚነሣው ስም የዌልስ፣ የሃውስማንና የብሊትዝስታይን ነው። ፒያኖው ባይኖር ግን የዚያ ሌሊት ዝግጅት አይኖርም ነበር። የአገራችን ሰው «ሙያ በልብ ነው» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ዌልስና ሃውስማን ባቋቋሙት በመርኩሪ ቴያትር የሼክስፒር «ጁልየስ ቄሣር» ቀረበ። ዴኮር የሚባል አልነበረም ማለት ይቻላል፤ የቴያትር ቤቱ የጀርባ የጡብ ግድግዳ ራቁቱን ይታያል። በዚያ ባዶ ቦታ ሮዘንታል ከወለል ወደ ላይ ቀጥ ብለው የሚወጡ የብርሃን ዐምዶች አቆመች። በጊዜው ናዚዎች በኑረምበርግ ከተማ በሚያደርጉት ሰልፍ ብርሃንን እንዲሁ ወደ ሰማይ ያቆሙ ነበርና፣ ተመልካቹ አንድ ቃል ሳይነገረው አምባገነኑ ማን እንደሆነ ገባው። መብራት ፊት ከማሳየት አልፎ ነገር መናገር እንደሚችል ያን ጊዜ ታወቀ።

ወረቀትና ትሕትና

በዚያ ዘመን የመድረክ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች በሙሉ ወንዶች ነበሩ፤ በማኅበር የተደራጁ፣ ሥራቸውን ከልጅነት የለመዱ ሰዎች ናቸው። ቁመቷ አጭር የሆነች ወጣት ሴት መጥታ «ይህን አምፖል ወደ ግራ» ስትላቸው በደስታ አልተቀበሏትም። ሮዘንታል አልጮኸችባቸውም። በትሕትናና በአክብሮት ትጠይቃቸው ነበር። ዋናው መሣሪያዋ ግን እውቀቷ እንደነበረ ራሷ ጽፋለች፤ ሥራውን ከእነርሱ ባላነሰ ታውቀው ነበር።

እውቀቷም በወረቀት ላይ የተቀመጠ ነበር። ወደ አዳራሽ ከመግባቷ በፊት እያንዳንዱ መብራት የት እንደሚሰቀል፣ ወዴት እንደሚያይ፣ ምን ቀለም እንደሚደረግበት፣ ከየትኛው ማብሪያ እንደሚያያዝ በካርታ ትነድፋለች። ሁለተኛው ወረቀት በየትኛው ቃል ወይም በየትኛው እርምጃ ላይ የትኛው መብራት እንደሚነሣና እንደሚወርድ፣ በስንት ሴኮንድ እንደሚሆን በቁጥር ተራ ይይዛል። ዝግጅቱ ሲጀመር የመድረክ አስተዳዳሪው ቁጥሩን ይጠራል፤ ሠራተኛው እጁን ያንቀሳቅሳል። ባለሙያዋ በዚያ ሌሊት ባትኖር እንኳ መብራቱ እንደ ትናንቱ ይሆናል። ትርኢቱ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድም ወረቀቱ አብሮ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በቃል ብቻ የነበረው ሥራ በወረቀት ሲጻፍ ሊማሩት፣ ሊያስተምሩት፣ ዋጋ ሊጠይቁበት የሚችሉት ሙያ ሆነ። ሐኪምን ሐኪም፣ መሐንዲስን መሐንዲስ ያደረገው ይኸው ነው። ሮዘንታል የመድረክ መብራትን ከ«እንደመሰለኝ» አውጥታ «እንደተጻፈው» አደረገችው።

እንጀራውስ?

ወላጆች የሚጠይቁት ሌላው ነገር ገንዘብ ነው። እውነቱን እንናገር፤ ዳንስ ብዙ አይከፍልም። ሮዘንታል ለማርታ ግራሃም በ1944 የቀረበውን «አፓላችያን ስፕሪንግ»ን ጨምሮ እጅግ ብዙ ሥራ ሠርታለች። በዚያ መድረክ ላይ ከማዕዘን አግድም የሚወርድ አንድ የብርሃን ጨረር ትወድ ነበርና «የማርታ የእግዚአብሔር ጣት» የሚል ስም ወጥቶለታል። ለኒው ዮርክ ሲቲ ባሌትም ለዓመታት ሠርታለች። ዳንሰኛ በአካሉ የሚናገር ስለሆነ ብርሃኑ ከጎንና ከኋላ እንዲመጣ አደረገች፤ አካል ከጀርባው ተለይቶ እንዲታይ ማለት ነው። ይህ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የዳንስ መብራት መሠረት ሆኗል።

ኑሮዋን ያቆመችው ግን ሥራዋን አከፋፍላ ነው። የቴያትር ዕቃ የሚያቀርብ ድርጅት አቋቋመች፤ አዳራሽ ሲሠራ የመድረክ አማካሪ ሆነች። ብሮድዌይ ላይ ደግሞ ለትልልቅ ትርኢቶች ተቀጠረች፦ በ1957 «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»፣ በ1959 «ሳውንድ ኦቭ ሙዚክ»፣ በ1966 «ካባሬ»። እኛ እዚህ እስራኤል ውስጥ «ካናር ዓል ሃጋግ» በሚለው ስሙ የምናውቀው፣ ከሻሎም ዓሌኼም ታሪኮች የተወሰደው ተውኔት በ1964 ብሮድዌይ ላይ ሲከፈት የመብራቱ ባለሙያ እርሷ ነበረች። ስለ ቴቭዬ ያለቀሰና የሳቀ ተመልካች ስሟን አያውቅም፤ ለማልቀስና ለመሳቅ ያበቃው ንጋትና ምሽት ግን የእጇ ሥራ ነው።

በ1969 በካንሰር ታማ እያለች የመጨረሻዋን ሥራ ለማርታ ግራሃም ሠራች፤ በዚያው ዓመት ግንቦት 1 ቀን በ57 ዓመቷ አረፈች። የብሮድዌይ ትልቁ ሽልማት ቶኒ ለመብራት ንድፍ መሰጠት የጀመረው በማግሥቱ ዓመት በ1970 ነው። ሙያው እንዲሸለም ያበቃችው ሴት ሽልማቱን አላየችውም። ስለ ሙያዋ ያዘጋጀችው መጽሐፍም የወጣው ከሞተች በኋላ በ1972 ነው።

የከፈተችው በር ግን አልተዘጋም። በ1973 ሸርሊ ፕሬንደርጋስት በብሮድዌይ የመብራት ንድፍ የሠራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። በ1975 ደግሞ ታሮን መስር የምትባል ባለሙያ «ኤ ኮረስ ላይን» በተባለው ትርኢት ኮምፒዩተር መብራቱን በቃሉ እንዲይዝ አደረገች። ዛሬ መሣሪያው ሁሉ ተለውጧል። ካርታውና የምልክቱ ተራ ቁጥር ግን ያው ናቸው።

እኛስ?

ይህ ታሪክ ለማኅበረሰባችን እንግዳ ሊሆን አይገባውም። ወላጆቻችን በኢትዮጵያ ሲኖሩ ብረት ቀጥቅጠው ማረሻ ያበጁ፣ ሸክላ የሠሩ፣ ሸማ የሸመኑ ናቸው። በጎንደር ዘመን በነገሥታቱ ሕንፃዎች ግንበኛና አናጢ ሆነው ሠርተዋል። ግንቦቹ ዛሬም የነገሥታቱን ስም ይዘው ቆመዋል፤ ድንጋዩን ያነባበረውን ሰው ስም ግን ማንም አያነሣም። ይባስ ብሎ በማረሻው ያረሰ ገበሬ ማረሻውን የሠራለትን «ቡዳ» እያለ ሰድቦታል። ስለዚህ የእጅ ሥራን የመናቅ ነገር ከየት እንደመጣ እኛ ከሁሉ ይልቅ እናውቃለን። የሰደቡንን ሰዎች ንቀት በልጆቻችን ላይ ልንደግመው አይገባም።

በአዲስ አበባም በ1935 የተመሠረተውን የሀገር ፍቅርን፣ በ1955 የተከፈተውንና ዛሬ ብሔራዊ የሚባለውን ቴያትር ስናስብ ትዝ የሚሉን ዘፋኞቹና ተዋናዮቹ ናቸው። በየቤታችን የሰማነው የአማርኛ ራዲዮም እንዲሁ ነው፤ የአቅራቢውን ድምፅ እንለያለን፣ ከመስተዋቱ ማዶ ተቀምጦ ድምፁን የሚያስተካክለውን አናውቀውም። ባለፉት ዓመታት በአማርኛ የሚቀርቡ ዝግጅቶች በመድረክም በቴሌቪዥንም በዝተዋል። መድረኩ ላይ የሚወጣው የእኛ ልጅ ከሆነ፣ ከመድረኩ በስተጀርባ ያለውስ ለምን የእኛ ልጅ አይሆንም?

ለወጣቶቻችን ከዚህ ታሪክ የምንወስደውን በአጭሩ እንናገር። አንደኛ፣ ሮዘንታል የጀመረችው በረዳትነት ነው። በሠፈሩ ማትናስ የሚደረግ የበዓል ዝግጅት፣ የትምህርት ቤት ትርኢት፣ የሠርግ አዳራሽ ሁሉ ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛ፣ የሠራችሁትን ጻፉ። የሰቀላችሁትን መብራት በወረቀት ንደፉ፣ ፎቶግራፍ አንሡ፣ ያዙት። በዚህ ሙያ ከዲፕሎማ እኩል የሚጠየቀው ያለፈ ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ ከኤሌክትሪክና ከከፍታ ጋር ቀልድ የለም። ሕጉ የሚጠይቀውን ፈቃድና ሥልጠና ሳትይዙ ማንም ቢያጣድፋችሁ አትንኩ። አራተኛ፣ በሰዓታችሁ ተገኙ፤ በዚህ ሥራ ስም የሚወጣው በዚያ ነው፣ ቀጣዩን ሥራ የሚሰጣችሁም ዛሬ አብሯችሁ ሳጥን የተሸከመው ሰው ነው።

ወላጆችም ማወቅ ያለባቸው አለ። ሥራው ሌሊት ነው፤ ገቢው አንድ ወር ሞልቶ አንድ ወር ይጎድላል። ብዙ ዝግጅት በዓርብ ምሽትና በሰንበት ይደረጋልና፣ ሰንበትን የሚያከብር ቤተሰብ ይህን ጉዳይ ልጁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከልጁ ጋር፣ ልጁም ከአሠሪው ጋር በግልጽ ሊነጋገርበት ይገባል። ደመወዙ በወረቀት ይጻፍ፣ የሰዓቱ ብዛት ይቆጠር፣ የጡረታውም ነገር ይጠየቅ። ይህን ሁሉ ካወቁ በኋላ ግን «ሽቦ መጎተት ነው» ብለው ልጃቸውን ከበር አይመልሱት።

የሐኪሞቹ ልጅ ሐኪም ባትሆን ቤተሰቧን አላሳፈረችም። ሌሎች እንዲታዩ ብርሃን ስታዘጋጅ ኖራ፣ እግረ መንገዷን ለሺህ ሰዎች እንጀራ የሚሆን ሙያ አቁማ ሄዳለች። በሚቀጥለው ጊዜ አዳራሽ ስንገባ፣ ጭብጨባው ሲነሣ አንድ ጊዜ አንገታችንን ወደ ኋላ አዙረን እንመልከት። ከመብራቱ ሰሌዳ አጠገብ የቆመው ምናልባት የምናውቀው ልጅ ይሆናል። ያን ጊዜ እናቱን ስናገኛት «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ከማለት «የልጅሽን ሥራ አየነው» እንበላት።